ዛሬ ጎድጓዳ ሳህን ስንመርጥ ዋልን

ከእህቴ ጋር መርካቶ ወጥተን ለበዓሉ ዶሮ ማዘጋጃ ዕቃ ስንፈልግ ዋልን፣ ኩሽና ውስጥ ለሚውል ሰው ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው፣ ወደ ውጭ ጥቅልል ያለ ከሆነ እጅ ዘይት ቢነካውም አያመልጥም፣ ስለታም ከሆነ ግን ሲታጠብ ጣት ይቆርጣል። ከዛ መሬት ላይ አስቀምጬ ጠርዙን በአንድ ጣት ጫን አደርገዋለሁ፣ ብድግ ካለ ማማሰያ አይችልምና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ለዶሮው ሰፊ ስቴንለስ ወሰድን። ብልቱ በሎሚና በጨው ተዘፍዝፎ ስለሚቆይ አልሙኒየም አልፈልግም፣ ሎሚ አልሙኒየሙን ይበላዋል ጣዕሙንም ያበላሸዋል፣ የኮመጠጠ ሊጥም እንደዛው ነው። ፕላስቲክ ርካሽ ነው ቀላልም ነው ለጎመን ማጠቢያ ይሆናል፣ በርበሬና ዘይት ከነካው ግን ቀይ እንደሆነ ይቀራል የነጭ ሽንኩርቱም ሽታ ቶሎ አይለቅም። ባለሱቁ "እህቴ መስታወቱን እይው" አለኝ፣ ያምራል፣ ለሰላጣ ጥሩ ነው ግን በእርጥብ እጅ እሱን አንስቼ ዶሮ ማጠብ አልደፍርም።

በጣም ደስ ያለኝ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገቡት ትናንሾቹ ናቸው፣ ቦታ አይፈጁም፣ ነጭ ሽንኩርቱ ዝንጅብሉ ኮረሪማው ሁሉም ለየብቻ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ቁሌቱ እሳት ላይ እያለ መሯሯጥ የለም በቃ።

ለጤፍ ሊጥ ግን ክዳኑ ግጥም የሚል ጥልቅ ዕቃ አላገኘንም፣ ኩፍ ሲል እንዳይፈስ ግማሽ ድረስ ብቻ ስለምሞላ ትልቅ ነው የምፈልገው። የሸክላ ቡሃቃ አሁንም የምትጠቀሙ ካላችሁ ከየት እንደገዛችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ እስቲ 🙏