«ፈርሟል» ማለት «ተስማምቷል» ማለት አይደለም

የምርምር ፕሮፖዛል ከኢቲክስ (የምርምር ሥነ ምግባር) ኮሚቴ «አስተካክለህ አምጣ» ተብሎ ሲመለስ ብዙ ተማሪ ወደ ናሙና ስሌቱ ይሮጣል። ያስመለሰችው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ልትሆን ትችላለች፦ «ስም ስለማይጻፍ የተሳታፊዎች ምስጢር የተጠበቀ ነው።» እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ስም አልባነት የሚባለው ተመራማሪው ራሱ መልሱ የማን እንደሆነ ማወቅ ሳይችል ሲቀር ነው። ምስጢር መጠበቅ ደግሞ እያወቁ ለሌላ አለማሳለፍ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ የጠየቀ ሰው «ስም አልባ ነው» ማለት አይችልም።

ስም መሰረዝም ብቻውን አያድንም። «የ58 ዓመት ሴት፣ አዋላጅ ነርስ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ» ብሎ ከነወረዳው ለጻፈ ሰው፣ ስሟን መጥራት ብቻ ነው የቀረው። ስምንና በስም ፈንታ የተሰጠውን ኮድ የሚያገናኘው ዝርዝር ከመጠይቁ ተለይቶ ይቆለፍበት፤ መቼ እንደሚጠፋም ፕሮቶኮሉ (የምርምሩ ዝርዝር ዕቅድ) ላይ ይስፈር። ሁለቱን በአንድ ፍላሽ ይዞ የሚዞር ኮድ ሰጠሁ አይበል።

የሚከብደው ፈቃደኝነት ነው። ፊርማ የስምምነት ማስረጃ እንጂ ስምምነቱ አይደለም። ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ቅጽ «በዘፈቀደ ይመደባሉ» ሲል፣ ሰሚው «እንደ መጣላቸው፣ በግዴለሽነት» ብሎ ይረዳዋል። «በዕጣ ነው፤ የትኛው ሕክምና እንደሚደርስዎ ሐኪሙም አይመርጥም» ቢባል ያበቃ ነበር። ቅጹ ከተነበበ በኋላ «እስቲ የነገርኩዎትን በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» ይባል። ከመልሱ ሦስት ነገር ይጠበቃል፦ ይህ ምርምር መሆኑ፣ እምቢ ቢሉ ሕክምናቸው እንደማይቀር፣ መሃል ላይ ማቋረጥ እንደሚችሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የመጀመሪያው ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ደም ሲቀዳ ማንም ሊያክመኝ ነው ይላል። የጎደለው እንደገና ይብራራ። ማንበብ ለማይችል ገለልተኛ ምስክርና የጣት አሻራ፣ ለልጅ ደግሞ ከወላጅ ፈቃድ ጋር የልጁ የራሱ እሺታ ያስፈልጋል።

ወላይታ ላይ የተደረገው የፖዶኮኒዮሲስ (ያ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው የእግር እብጠት) የዘረመል ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። ተመራማሪዎቹ ደም ከመውሰዳቸው በፊት ማኅበረሰቡን ስለ አቀራረቡ ጠየቁ። የወጣው ስጋት የመርፌ አልነበረም፤ «በዘር ይተላለፋል» መባሉ ቤተሰቡን ይበልጥ ያስገልላል የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳት የጤናማውንም ዘመድ ይነካል፤ «ጉዳት የለውም» የምትለው የቅጹ መስመር አትይዘውም።

ወደ ሐቀኝነቱ ስንመጣ ሦስቱ ዋና ጥፋቶች የሌለ ዳታ መፍጠር፣ ያለውን ማዛባትና የሰው ሥራ መስረቅ ናቸው። (የመጀመሪያውን «ፈጠራ» ብሎ መተርጎም አያዋጣም፤ እኛ ዘንድ ፈጠራ ያሸልማል።) የሚያሻማው ማዛባት ነው። ከሌሎቹ እጅግ የራቁ አራት ቁጥሮችን መጣል በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የመጣያው ደንብ ውጤቱ ከታየ በኋላ ከወጣና ካልተጻፈ ግን ነው።

የሌለ ዳታ መፍጠር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ መረጃ ሰብሳቢው ቤቱ ሳይደርስ መጠይቁን ይሞላል። 45 ደቂቃ የሚፈጅ መጠይቅ በ8 ደቂቃ ካለቀ፣ ወይም የ20 ቤት ጂፒኤስ አንድ ቦታ ላይ ከተከመረ፣ መጠይቁ የሚሞላበት ታብሌት ያጋልጣል። ዕድሜም ይናገራል፦ በእኛ ገጠር እውነተኛ ዕድሜ 30፣ 35፣ 40 ላይ ይከማቻል፤ ሰው በግምት ነው የሚናገረው። 31፣ 37፣ 43 እኩል ተበትነው የተገኙበት ዳታ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ከየሰብሳቢው ጥቂት ቤቶችን በዕጣ መርጦ ይመለስ፤ መልሳቸው የማይለወጥ ሁለት ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፦ ስንት ክፍል አለ፣ የመጨረሻው ልጅ ወንድ ነው ሴት፣ መረጃ ሰብሳቢው መጥቶ ነበር ወይ። ካልመጣ፣ የሰብሳቢውን የቀን ኮታም ይመልከት፤ በቀን በእግር 7 ቤት ብቻ የሚያዳርስ መንደር ላይ 12 ታዝዞ ይሆናል።