ጀበና ያለበት የማኅበር አርማ፦ እንዴት አስመዘገብኩት

አሜሪካ ውስጥ ለሐበሻ ማኅበር በጋሻ ላይ የሚቀመጥ አርማ፣ ሄራልድሪ በሚባለው የአውሮፓ ሥርዓት ለማሠራት ካሰባችሁ ሳትጀምሩ ይህን አንብቡ። እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ፈቃድ ሰጪ ፍለጋ አትድከሙ። እንግሊዝ አገር ከ1484 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዘውዱ ሥልጣን አርማ የሚሰጥ፣ ኮሌጅ ኦፍ አርምስ የሚባል ተቋም አለ። አሜሪካ ውስጥ ግን ለግለሰብም ሆነ ለማኅበር አርማ የሚሰጥ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም፤ የጦር ሠራዊቱ የሄራልድሪ ተቋም የሚሠራው ለመንግሥት ነው። አርማውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ከፈለጋችሁም በግል መዝገብ ታስጽፋላችሁ። «የቤተሰብ ስምዎን አርማ እንሸጣለን» የሚሉትን እለፏቸው። አርማ የባለቤቱ እንጂ የስም አይደለም፤ የእኛ የአባት ስም ደግሞ በየትውልዱ ይቀየራል።

ቀለሙ አያስቸግርም። ወርቅ (ቢጫ) እና ብር (ነጭ) ማዕድን ይባላሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ ቀለም። ቀለም በቀለም ላይ፣ ማዕድን በማዕድን ላይ አይውልም፤ ምክንያቱም ከሩቅ አይለይም። ባንዲራችን ላይ ቢጫው በአረንጓዴና በቀዩ መካከል በመግባቱ ሕጉን ያሟላል። መሀሉ ላይ ያለው ሰማያዊ ክብ ግን ሁለቱንም ስለሚነካ አያሟላም። (ይህን በስብሰባ ላይ ባታነሱት ይሻላል።)

ኮሚቴው አክሱምንም፣ ላሊበላንም፣ ካርታውንም እዚያው ጋሻ ላይ ካላየን አለ። በክርክር አይቻሉም። ንድፉን በጥቁርና ነጭ ወደ ሁለት ሴንቲሜትር አሳንሳችሁ አትማችሁ አሳዩአቸው፤ የማይለየውን ራሳቸው ያወጡታል።

የመዝገቡ መመሪያ መጀመሪያ ሥዕል ላኩ ይላል። አትስሙት። መጀመሪያ ብሌዞኑን፣ ማለትም የአርማውን የቃል መግለጫ፣ ጻፉ፤ አርማው እሱ ነውና። ቅደም ተከተሉ መደቡ፣ ዋናው ምስል፣ ከዚያ የቀረው ነው። የእኛ እንዲህ ይላል፦ «አረንጓዴ መደብ፤ የሚራመድ ወርቃማ አንበሳ፣ ጥፍሩና ምላሱ ቀይ፤ ከላይ በወርቃማ ቺፍ ሦስት ጥቁር ጀበናዎች፣ አፋቸው ወደ ዴክስተር።» ቺፍ የጋሻው የላይኛው ሲሶ ነው። ዴክስተር ጋሻውን የያዘው ሰው ቀኝ ስለሆነ ለሚያየው ግራ ነው። አንበሳ ሌላ ካልተባለ ወደዚያው ይዞራል። ጥፍርና ምላስን የመሰለ ጥቃቅን ነገር ከቀለሙ ሕግ ነፃ ነው።

ያበሸቀኝ ጀበናው ነው። መዝጋቢው ጀበና «የታወቀ ምስል አይደለም» ብሎ መለሰው፣ በአውሮፓ ማሰሮ እንድንለውጠውም መከረን። ስጠይቅ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ላከልኝ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፤ ምክንያቱም ምክሩ ስህተት ነው። ሄራልድሪ አዲስ ምስል መቀበል ያቆመበት ዘመን የለም። ካናዳ በ1999 ለኑናቩት ግዛት የሰጠችው አርማ ላይ ኢኑክሹክ የሚባለው የድንጋይ ክምርና የኢኑይት (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) የድንጋይ ኩራዝ አሉ። ኩራዝ ከገባ ጀበና የማይገባበት ምክንያት የለም። የሚጠየቀው ነገር ምስሉን አይቶ የማያውቅ ሠዓሊ ከጽሑፉ ተነሥቶ በትክክል እንዲስለው ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙን አትለውጡ፤ አንድ ጥቁር የመስመር ንድፍ አያይዙና በሁለት መስመር ግለጹት፦ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭንና ረጅም፣ እጀታው ካንገቱ ወደ ሆዱ የሚወርድ፣ አፉ ከእጀታው በተቃራኒ በኩል። የአፉን አቅጣጫ ካልጻፋችሁ ሠዓሊው እንዳሻው ያዞረዋል። እኛ ኑናቩትን ጠቅሰን በዚሁ መልክ መልሰን ስንልክ ያለ አንዳች ማብራሪያ ተመዘገበ። ይቅርታም የለ።

ቅጹ የአረንጓዴውን ትክክለኛ የቀለም ቁጥርም ይጠይቃል። ባዶ ተዉት። በሄራልድሪ የቅጠሉም የጠርሙሱም አረንጓዴ አንድ ነው፤ ቁጥሩ ለማተሚያ ቤት ይጠቅማል እንጂ አርማውን አይወስንም።

የግል ምዝገባ ቀን ያለው ማስረጃ ይሆናችኋል እንጂ ሌላ ሰው አርማችሁን ከመጠቀም አያግድም። እሱን ከፈለጋችሁ ወደ ንግድ ምልክት ሂዱ።

ማኅተም ስታሠሩ ቀለሙ በመስመር ይተካል፤ ወርቅ በነጥብ፣ ቀይ በቁም መስመር፣ ሰማያዊ በአግድም፣ አረንጓዴ ለሚያየው ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች በሚወርድ ሰያፍ። ሐምራዊ የአረንጓዴው ተቃራኒ ሰያፍ ነው። ቀራጩ የንድፉን ግራና ቀኝ ሳይገለብጥ ከቀረጸው ሲመታ አንበሳው ፊቱን ያዞራል፣ አረንጓዴውም ሐምራዊ ሆኖ ይነበባል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀት ላይ አስመትታችሁ እዩት።