የመንደር ውልና የካደ ሻጭ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ቤት የሚሸጥና የሚገዛ ብዙ ሰው ዛሬም ውሉን የሚያስረው በመንደር ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ዋጋው ይቆረጣል፣ ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ገንዘቡ ተቆጥሮ ቁልፉ ይሰጣል። ገዢው ቤቱን ይዞ ዓመታት ከኖረ በኋላ፣ የቦታ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ ሻጩ ወይም ወራሾቹ «ውሉ በሕግ ፊት አይጸናም» ብለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።

ክርክሩ የሚያርፈው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ላይ ነው። ይህ ድንጋጌ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭን በተለይ የሚመለከተው ቁጥር 2877 ግን የሚጠይቀው ጽሑፍን ብቻ በመሆኑ፣ ልዩው ድንጋጌ ይቅደም የሚሉና ሁለቱ ተደጋግፈው ይነበቡ የሚሉ ወገኖች ሲከራከሩ ቆይተዋል። በመጨረሻ ፍርዶች ላይ ያለን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ሁለቱም መሟላት አለባቸው ሲል ወሰነ። በቁጥር 1720 መሠረት ፎርሙ፣ ማለትም ሕጉ ለውሉ ያዘዘው የአደራረግ ሥርዓት፣ ያልተሟላለት ሰነድ ከረቂቅነት አያልፍም። አዋጅ ቁጥር 454/1997፣ በኋላም እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1234/2013፣ የችሎቱን የሕግ ትርጉም በየደረጃው ባሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስላደረገው፣ የእኛም ዞን ዳኞች በዚሁ ይመራሉ።

ችሎቱ ኋላ ላይ ሻጩ መሸጡን ካመነ ውሉ በአዋዋይ ፊት አለመደረጉ ብቻውን አያፈርሰውም የሚል አቋም ያዘ። የፎርሙን ዓላማ ማስረጃነት አድርጎ ማንበቡን እደግፋለሁ፤ ውጤቱ ግን ያሳስበኛል። በዚህ አነባበብ እውነቱን የተናገረ ሻጭ በቃሉ ይታሰራል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የካደው ደግሞ ቤቱን መልሶ ይወስዳል። ሕጉ ፎርም የጠየቀው የትዳር ጓደኛ ያልፈቀደውን ሽያጭና አንድን ቤት ለሁለት ሰው መሸጥን ለመከላከል ጭምር እንደሆነ አልክድም፤ ሆኖም ሦስተኛ ወገን በሌለበት ክርክር ይህ ጥበቃ ለካጁ መሣሪያ ሊሆን አይገባም።

መፍትሔው ከፊሉ በሥር ፍርድ ቤት ዳኛ እጅ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 241 ዳኛው በመጀመሪያው ቀጠሮ ተከራካሪዎቹ የሚያምኑትንና የሚክዱትን ጠይቆ እንዲለይ ያዛል። ብዙ ጊዜ ይህ በችኮላ ይታለፋል፤ ጠበቃው «ክደናል» ይላል፣ ዳኛው ጭብጥ፣ ማለትም የሚከራከሩበትን ነጥብ፣ ይይዛል። ሻጩ ራሱ ቀርቦ ፈርመሃል ወይ፣ ገንዘቡን ተቀብለሃል ወይ፣ ቁልፉን ማን ሰጠው ተብሎ አንድ በአንድ ቢጠየቅ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት የማይደፍረውን ክህደት በችሎት የሚደፍር ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ቀሪው የሰበር ሥራ ነው፤ ይኸው አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ቀደም ያለ ትርጉም በሰባት ዳኞች እንዲለወጥ መንገድ ከፍቷል።

እስከዚያ ድረስ የተከሰሰ ገዢ ውሉ ይጽናልኝ ብሎ ብቻ እንዳያቆም አሳስባለሁ። ውሉ ከፈረሰ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት እንዲመለሱ ያዛልና፣ የከፈለውን ዋጋና ለቤቱ ያወጣውን ወጪ በዚያው መዝገብ በአማራጭ ይጠይቅ፤ አለዚያ ቤቱን ለቆ ከወጣ በኋላ ለገንዘቡ ሌላ መዝገብ ለመክፈት ይገደዳል።