ስልክ ላይ ያለውም ተሳታፊ ነው

ጥናቴ ስለ ስብሰባ ነበር። ገሚሱ የግብርና ባለሙያ ደብረ ብርሃን አዳራሽ ይቀመጣል፤ ገሚሱ ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት በስልክ ይገባል። የመናገር ዕድሉ ለማን ይደርሳል? ማየት የፈለግሁት ይህን ነው። ተሳታፊ ማግኘቱ፣ ዙም መክፈቱ፣ ማይክ መዋሱ ቀላል ነበር።

ያንገሸገሸኝ ፈቃዱ ነው። ቅጹ ላይ «ጥናቱ የሚካሄድበት ቦታ» የሚል አንድ መስመር አለ። ሦስት ከተማ ጻፍኩ። ፈቃድ ሰጪው ኃላፊ ሁለቱን ሰረዛቸው። «ጥናቱ ያለው አዳራሹ ውስጥ ነው፤ እነዚያ ደዋዮች ናቸው» አለኝ። ደዋይ ከሆኑ የስምምነት ቅጽ አይሞሉም፤ አበልም፣ የካርድ ብርም የላቸውም። ስከራከረው «እንግዲያው ወረዳ አዳራሽ ሰብስቢያቸውና በአንድ ስክሪን ይታዩ» አለ።

እስካሁን ያናድደኛል። ሰው ቤቱ ሆኖ፣ ልጅ እያለቀሰበት፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠበት እንዴት ይሳተፋል የሚለው እኮ ነው ጥናቱ! አዳራሽ ከገቡ ምኑን አጠናዋለሁ? ደግሞም የምቀርጸው የሰው ቤት ነው። የሚስት ድምፅ ይገባል፤ ቡና ሊጠጣ የመጣው ጎረቤትም ይሰማል። ከማንም በላይ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት እዚያ ነው። በመጨረሻ በጣርማ በር ተራራ መንገድ እየተመላለስኩ የወረዳዎቹን ደብዳቤ ራሴ አመጣሁ። ካርዱንም ከደመወዜ ገዛሁ። አልቆጨኝም።

«የዙሙ ቅጂ ይበቃሻል» የሚሏችሁንም አትስሙ። ሰው ሲያወራ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪቀጥል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደግሞ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ይመክራል። በደካማ ኔትወርክ ከዚያ ያልፋል። አዳራሹ ውስጥ የተቀዳውን ስሰማ የሸዋ ሮቢቱ ሰው ዝምተኛ ይመስላል። እሱ ጋ የተቀዳውን ስሰማ ግን ወዲያው ነው የመለሰው፤ ድምፁ እስኪደርስ አዳራሹ ወደ ሌላ ጉዳይ አልፏል።

ስለዚህ ሁሉም ጋ መቅጃ ይኑር። አዳራሹ ውስጥ አጨብጭባችሁ ቅጂዎቹን በጭብጨባው ድምፅ ለማመሳሰል አትሞክሩ፤ ጭብጨባውም በኔትወርኩ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ስልኮቹ ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት ይውሰዱ፤ ሰከንዱ ሲቀየር የሚታይበትን ስክሪን መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ቅረጹ።

ቅጹ ላይም እያንዳንዱን ቦታ ለየብቻ ጻፉ። አንዱን ከሰረዙባችሁ ደብዳቤውን ተቀብላችሁ አትውጡ።