የድቮዣክ አራቱ ባላዶች፦ መጀመሪያ ንባብ፣ ከዚያ ዜማ

የድቮዣክ «የወርቅ መፍተያው»፣ ለኦርኬስትራ ብቻ የተጻፈው ተረት፣ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ሃያ ሰባት ደቂቃውን ሙሉ፣ ወደ ፊት ሳይገፉ፣ ታሪኩ የት ደረሰ ብሎ ሳይደናገሩ ማድመጥ ይቻላል። ለአንዳንዱ ይህ ወሬም ላይሆን ይችላል፤ በዚህ ሥራ መሀል ላይ ተስፋ የቆረጠ ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የሠራውንም ያልሠራውንም የማድመጥ ዘዴ እነሆ።

ለአዲስ ሰው ባጭሩ። የቼኩ አቀናባሪ አንቶኒን ድቮዣክ የሚታወቀው በዘጠነኛው ሲምፎኒው፣ በ1893ቱ «ከአዲሱ ዓለም» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1895 ከአሜሪካ ወደ አገሩ ቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ሲምፎኒ አልጻፈም። በ1896 ግን የቼኩ ገጣሚ ካሬል ያሮሚር ኤርቤን በ1853 ካሳተመው «ኪቲሴ» ከተባለው የግጥም መድበል አራት ባላዶች (ታሪክ የሚተርኩ ግጥሞች) መርጦ ለኦርኬስትራ ብቻ አደረጋቸው፤ ዘፋኝ የለም፣ ቃል የለም። ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 107 «የውሃው ጋኔን» 21 ደቂቃ ገደማ፣ ኦፐስ 108 «የቀትር ጋኔን» 14፣ ኦፐስ 109 «የወርቅ መፍተያው» 27፣ ኦፐስ 110 «ርግቧ» 19። አራቱም ውስጥ ሰው ይሞታል። የቪየናው ሃያሲ ኤድዋርድ ሃንስሊክ፣ ድቮዣክን ሲያሞግስ የኖረው ሰውዬ፣ ሙዚቃ ታሪክ ተራኪ ሆነ ብሎ አኮረፈ። እስከ ዛሬም በኮንሰርት ፕሮግራም ላይ ከሲምፎኒዎቹ ጋር ሲወዳደሩ ብርቅ ናቸው። ስለዚህ የምናገኛቸው በተቀረጸ ቅጂ ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ድቮዣክ ብዙዎቹን ዜማዎች የሠራው በኤርቤን ስንኞች ላይ ነው። ቃሉን ከዜማው ጋር ገጠመው፣ ከዚያ ቃሉን አንስቶ ዜማውን ለመሣሪያ ሰጠው። በቼክ ቋንቋ ጭነቱ የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ስለሚያርፍ ዜማዎቹም ብዙውን ጊዜ ያለ መንደርደሪያ በቀጥታ ጠንካራው ምት ላይ ይወድቃሉ። እንግዲህ በእኛ አብነት ትምህርት ቤት ንባብ ቤት ያልዋለ ልጅ ዜማ ቤት አይገባም። እዚህም ያው ነው። «ሙዚቃ የዓለም ቋንቋ ነው፣ ዝም ብላችሁ ስሙት» የሚባለው ምክር ለእነዚህ አራት ሥራዎች ጉዳት ብቻ ነው። ታሪኩን ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ ለሌላ ሰው በቃላችሁ ተርኩት፣ ከዚያ አጫውቱ። እየሰሙ ማንበብ ግን አይረባም፤ ዓይን ይቀድምና ጆሮ ሥራ ይፈታል።

ከ«የወርቅ መፍተያው» ውጭ ያሉትን ሦስቱን ቶሎ ልለፋቸው። መጀመር ያለባችሁ በ«ርግቧ» ነው። ባሏን በመርዝ የገደለች ሴት አስከሬኑን እያለቀሰች ትሸኛለች፤ የቀብር ሰልፉ፣ የወጣቱ መምጣት፣ ሠርጉ፣ መቃብሩ ላይ የበቀለው ዛፍና ርግቧ ተራ በተራ ስለሚመጡ መጥፋት የለም። ብርኖ በተባለችው የቼክ ከተማ በ1898 ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበው ራሱ አቀናባሪው ሊዮሽ ያናቼክ ነው። የሠርጉ ጭፈራ ውስጥ የቀብሩን ዜማ ዘመድ ፈልጉ፤ ካገኛችሁት በዚያ ቀን ሌላ አትስሙ፣ ይበቃል።

«የቀትር ጋኔን» ለእኛ ሰው ከሁሉም ይቀርባል ባይ ነኝ። በመዝሙረ ዳዊት 90 (በሌላው ቁጥር 91) ላይ ስሟን እናውቃለን። ልጅ ያለቅሳል፣ እናት ምሳ ልታደርስ ተጣድፋለች፣ «ዝም በል፣ አለዚያ እሷን እጠራልሃለሁ» ትለዋለች። አያ ጅቦ የሚጠራበት ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ የተጠራችው መምጣቷ ነው። ክላርኔቱ ቤቱን በሰላም ይከፍታል፤ ልጁን ኦቦው ያስለቅሰዋል። ጋኔኗ ስትገባ ክሮቹ (ቫዮሊንና መሰሎቹ) ድምፃቸው ታፍኖ ይንሾካሾካሉ፣ ከሥራቸው ባስ ክላርኔት ይሳባል። ከዚያ የእኩለ ቀኑ ደወል ነው፤ አሥራ ሁለቱን ምቶች ቁጠሩ። ካልደረሰላችሁ ጥፋቱ የማጫወቻችሁ ነው፣ ወደዚያ እመጣለሁ። አባት ለምሳ ይገባል፣ እናትን ራሷን ስታ ያገኛታል፣ ልጁ በእቅፏ ታፍኖ ሞቷል። በ14 ደቂቃ ይህ ሁሉ።

«የውሃው ጋኔን» ላይ መያዝ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያችው ተደጋግማ የምትንኳኳ የጋኔኑ ምት። መጀመሪያ በጨረቃ ብርሃን ልብሱን እየሰፋ ቀለል ብላ ትሰማለች፤ መጨረሻ ላይ እናትና ልጅ የተቆለፉበትን በር የምትደበድበው እሷው ናት። ሥራው ሁሉ በዚህች ምት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ።

«የወርቅ መፍተያው» ላይ አብዛኛው አድማጭ ከአሥራ አምስተኛው ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ምክንያቱን ለማየት ታሪኩን እንይ። ንጉሥ በአደን ላይ መንገድ ጠፍቶት ከአንዲት ጎጆ ውሃ ይለምናል፤ ዶርኒችካ የተባለች ልጅ ትወጣለች፣ ስትፈትል ያያታል፣ ይወዳታል። እንጀራ እናቷ የራሷን ልጅ ለማንገሥ ስትል ከልጇ ጋር ሆና ዶርኒችካን ጫካ ውስጥ ትገድላታለች፤ እግሯን፣ እጇንና ዓይኗን ቆርጠው ይዘው ይሄዳሉ። ንጉሡ ሳያውቅ ሌላዋን አግብቶ ወደ ጦርነት ይዘምታል። ጫካ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሬሳውን ያገኛል፤ ብላቴናውን ወደ ቤተ መንግሥቱ ይልካል፦ የወርቁን መፍተያ መንኮራኩር ለሁለት እግሮች እንዲሸጥ። እንደገና ይልከዋል፣ ሌላ የወርቅ የመፍተያ ዕቃ ለሁለት እጆች። ሦስተኛ፣ ለሁለት ዓይኖች። አካሏ ይገጣጠማል፣ ልጅቷ ትነሣለች። ንጉሡ ተመልሶ ሚስቱን «ፍተዪልኝ» ሲላት መንኮራኩሩ ራሱ ይናገራል፦ «ቭርር፣ የምትፈትይው ክር ክፉ ነው»።

(እኛ ዘንድ ጥጥ የሚፈተለው በእንዝርት ስለሆነ መንኮራኩሩ በዓይን ላይመጣ ይችላል። በእግር የሚረገጥ ትልቅ ጎማ ነው፤ ሲዞር ያለማቋረጥ ይጮኻል። ኦርኬስትራው ውስጥ የምትሰሙት የሚሽከረከር ጉርምርምታ እሱ ነው። ይህን ሳያውቁ ከንብ ጋር የሚያምታቱት አሉ።)

እንግዲህ ችግሩ ሦስቱ ጉዞዎች ናቸው። ድቮዣክ ግጥሙን አልቆረጠም። ብላቴናው ሦስት ጊዜ ይሄዳል፣ ሦስት ጊዜ ይገበያያል፣ ሦስት ጊዜ ይመለሳል፤ ሙዚቃውም አብሮት ሦስት ጊዜ። በሲምፎኒ የሰለጠነ ጆሮ መደጋገምን ሲሰማ ወዲያው «ሐሳብ አለቀበት» ይላል፤ ምክንያቱም በሲምፎኒ ውስጥ የተመለሰ ዜማ ተለውጦ፣ ተበልቶ፣ ወደ ሌላ ነገር ተሻግሮ መምጣት አለበት። እዚህ የሚጠበቀው እሱ አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ ያደገ ሰው፣ ጦጣዋ ሦስት ጊዜ ስትሄድ ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር እንደሚፈነዳ ያውቃልና አይሰለችም። ደስታው መጠበቁ ላይ ነው።

የድቮዣክ ተማሪና አማች የነበረው ዮዜፍ ሱክ ግን ሰለቸው መሰለኝ፣ መደጋገሙን ቆርጦ አሳጠረው። ታላቁ የቼክ ኦርኬስትራ መሪ ቫትስላቭ ታሊኽ ከቼክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የቀረጸው ይህን ያጠረውን ነው። ስለዚህ ሁለት ቅጂ አወዳድራችሁ ደቂቃው በብዙ ከተለያየ ፍጥነቱ ነው ብላችሁ አትፍረዱ፤ የሙዚቃው ሥጋ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የታሊኽ ቅጂ በአሮጌ ሞኖ ድምፅ ቢሆንም ትረካው እንደ እሳት ነው፤ ቢሆንም ለመማር በእሱ አትጀምሩ። ሦስቱን ጉዞ ሳያውቁ የተቆረጠውን መስማት የጎደለውን እንዳያውቁ ያደርጋል።

የሠራው ዘዴ ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን መክፈቻውን ብቻ፦ ሆርኖቹ (የነሐስ ቀንደ መለከቶች) የአደን ጥሪ ያሰማሉ፣ ከሥራቸው ክሮቹ ይጋልባሉ። ኤርቤን እዚህ ንጉሡ «ብቻውን፣ ለብቻው» እንደሚጋልብ ይናገራል፤ በቼክ «የዴ ሳም አ ሳም» ነው። እያላችሁ ስሙት፣ አፍ ላይ ይገባል። ፈረሱ ይቆማል፣ ከዚያ በሩ ይንኳኳል፤ ግጥሙ ውስጥ «ክሎፕ፣ ክሎፕ፣ ክሎፕ» ተብሎ የተጻፈው የእኛ «ኳ ኳ ኳ» ነው። እሱን እስክትለዩ ድረስ ወደ ፊት አትሂዱ።

በሁለተኛው ቀን ከማንኳኳቱ እስከ ግድያው። የደቂቃ ምልክት ከሌላ ሰው አትቅዱ፤ መሪ ሁሉ ፍጥነቱ ለየቅል ስለሆነ በራሳችሁ ቅጂ ላይ የራሳችሁን ጻፉ። ወረቀት ላይ አምስት መስመር ይበቃል፦ ጎጆ፣ ጫካ፣ ሠርግ፣ ሦስቱ ጉዞ፣ መመለስ።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱን ጉዞዎች ብቻ፣ በጣት እየቆጠራችሁ። የሽማግሌው ትእዛዝ በመጣ ቁጥር አንድ ጣት አጥፉ። በመጀመሪያው ዙር ዜማውን ብቻ ያዙ፤ በሁለተኛው ማን እንደሚጫወተው፤ በሦስተኛው ከሥር ምን እንደተቀየረ። ኖታ ማንበብ ለሚችል፣ የሙዚቃው ባለቤትነት ጊዜ ስላለፈ ሙሉው ኖታ አይኤምኤስኤልፒ (IMSLP) በተባለው የኢንተርኔት የኖታ ቤተ መጻሕፍት ላይ በነፃ ይገኛል። ገጾቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ከአሥር ጊዜ ማድመጥ ይበልጣል። ማንበብ የማይችልም ቢሆን የትኛው መስመር ባዶ፣ የትኛው ጥቁር እንደሆነ ማየት ይችላል።

ሙሉውን በአራተኛው ቀን። ከዚያ በፊት የሞከረ ይሰለቻል፣ ተጠያቂም ያደርገዋል ድቮዣክን። እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ጉዞ ላይ አሁንም ዓይን ወደ ሰዓት መሄዱ አልቀረም። ሱክ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም።

ቅጂ ላይ አቋም አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራፋኤል ኩበሊክ ከባየርን ሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር፣ የ1970ዎቹ፤ ተረቱን ሳያዘገይ ይነግራል፣ የሞቀ ድምፅ አለው። ለሁለተኛ ጊዜ ቻርልስ ማከራስ ከቼክ ፊልሃርሞኒክ ጋር፤ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎቹ እንደ ሰው ይናገራሉ። ኒኮላውስ ሃርኖንኩር ከአምስተርዳሙ ኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ ጋር የሠራው ጨለማውንና ጭካኔውን ያወጣል፣ ግን ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ነው። በሦስት ቅጂ በአንድ ጊዜ መጀመር ትልቁ ስህተት ነው፤ ሥራውን ሳያውቁ መሪ ማወዳደር ወሬ ብቻ ያስተምራል።

ስለ መሣሪያ። በስልክ ስፒከር አትሞክሩ። ታች ያለውን ድምፅ ስለማያወጣ ባስ ክላርኔቱና ቲምፓኒው (ትልልቆቹ ከበሮዎች) ይጠፋሉ፤ የቀትር ጋኔኗ እንደገባች እንኳ አታውቁም። ተራ የገመድ ጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። አፑ ላይ ድምፅ የሚያስተካክለውን ማብሪያ አጥፉ፤ በአንዳንዱ አፕ ሹክሹክታውንና ጩኸቱን ሊያቀራርበው ስለሚችል በሩ ሲደበደብ ማንም አይደነግጥም። ባጠቃላይ በዳታ ለምትሰሙ፦ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ላይ «የወርቅ መፍተያው» 26 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ በ320 ላይ 65። አራቱም በ320 ወደ 195 ሜጋባይት ናቸው፤ ዋይፋይ ባለበት አውርዱ። ስትፈልጉም በርዕስ አትፈልጉ፤ ርዕሱ በየቋንቋው ይለያያል። የአቀናባሪው ስምና የኦፐሱ ቁጥር ይበቃል።

ሸክላ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። 27 ደቂቃ በአንድ ገጽ ላይ ሲገባ መስመሮቹ ይጠባሉ፣ ድምፁም ዝቅ ብሎ ይቀረጻል። መርፌው ወደ መሀል ሲቀርብ በአንድ ዙር የሚሸፍነው ርቀት ስለሚያንስ ትልልቁ ድምፅ ይሰነጣጠቃል፤ የ«መፍተያው» ታላቁ የደስታ ማብቂያ ደግሞ የሚውለው እዚያው ላይ ነው። መርፌ ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ቀጣዩ ኦፐስ 111፣ «የጀግና መዝሙር» ነው፤ በ1897 የተጻፈ፣ በ1898 ቪየና ላይ ጉስታቭ ማህለር መጀመሪያ ያቀረበው፣ የድቮዣክ የመጨረሻ የኦርኬስትራ ሥራ። ከዚያ በኋላ ኦፔራ ላይ ነው የሠራው። ይኸኛው ግጥም የለውም፤ ስለዚህ ንባብ ቤቱ ተዘግቷል፣ ከላይ ያልኩት ዘዴ ሁሉ እዚህ ደጃፉ ላይ ቀረ። ሦስት ጊዜ ተሰምቶ እስካሁን የተያዘው በመሀል ያለው ዘገምተኛ የሐዘን ክፍል ብቻ ነው። ሌላ መግቢያ ያገኘ ካለ ከየት እንደገባ ይንገረን።