240 ግራም የሚመዝን የጀልባ ቀፎ

ሁለቱን ግማሾች አጣብቄ፣ ጠርዙን አለስልሼ፣ ሐሙስ ማታ የትንሿን ጀልባዬን ቀፎ (ባዶ ገላዋን) የእናቴ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 240 ግራም። አነሳሁትና እንደገና መዘንኩት። ያው 240። አምና የሠራሁት የመጀመሪያው ቀፎ 890 ግራም ነበር። ሁለቱም ከአንድ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) የወጡ ናቸው፤ ርዝመታቸው 70 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚህ ጎንደር በሪሞት የሚሄድ የእሽቅድምድም ጀልባ መሥራት የጀመሩ ልጆች አሉ፤ ሲያገኙኝ ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ሞተር ነው። እኔ ግን ስለ ቀፎው ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

የእሽቅድምድም ጀልባ ፍጥነት ሲያገኝ ከውሃው ወጥቶ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ያኔ ውሃ የሚነካው ከኋላ በኩል ያለው ትንሽ የሆዱ ክፍል ብቻ ነው። ከከበደ ግን ሆዱ ይሰምጣል፣ ውሃ የሚነካው ቦታ ይሰፋል፣ ሞተሩ ይታገላል፣ ባትሪው ይግላል። የእኔ ሞተር፣ ባትሪ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ዘንግና መሪ ተደምረው 1,300 ግራም ናቸው። ከድሮው ቀፎ ጋር 2,190፣ ከአዲሱ ጋር 1,540 ይሆናል። ይህን ልዩነት ትልቅ ሞተር ገዝቼ ላካክሰው ብትሉ ትልቅ ሞተር ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል፤ ትልቅ ባትሪ ደግሞ ራሱ ክብደት ነው።

የመጀመሪያውን የሠራሁት የመኪና ጥገና ቤት እንዳየሁት ነው። እዚያ የሚጠቀሙት ፋይበር ማት የሚባለውን ነው፤ ክሩ ተቆራርጦ እንደ ጭድ የተበተነ ነው። የወሰድኩት በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነውን ነበር። ለባምፐር ጥገና ጥሩ ነው። ችግሩ የራሱን ክብደት እጥፍና ከዚያም በላይ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠጥር ፈሳሽ ሙጫ) ይጠጣል። ሁለት ድርብ አነጠፍኩ፤ ደረቅ ቦታ እንዳይቀር እየፈራሁ በዓይኔ ግምት ደጋግሜ ቀባሁት። ሲደርቅ ያበራ ነበር፣ ያምር ነበር፣ ድንጋይም ነበር።

ጥንካሬውን የሚሰጠው ክሩ መሆኑን የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። የሬዚኑ ሥራ ክሩን በቦታው አጣብቆ መያዝ ነው። ከዚያ የተረፈው ሬዚን ክብደት ብቻ ነው፤ በተጠራቀመበት ቦታ ደግሞ ሲመታ ይሰነጠቃል።

አሁን የተጠቀምኩት የተሸመነ የመስታወት ክር ጨርቅ ነው፣ በካሬ ሜትር 160 ግራም። ልክ እንደ ሸማ ድርና ማግ አለው። ክሩ ተጠጋግቶ ስለተሸመነ ሬዚን የሚጠራቀምበት ክፍተት ጥቂት ነው፤ በሰያፍ ከቆረጣችሁት ደግሞ አፍንጫው አካባቢ ላለው ኩርባ ይታዘዛል። ለጠቅላላው ቀፎ ሁለት ድርብ ቆርጬ ስመዝነው 105 ግራም ሆነ። ኢፖክሲውንም (አሁን የተጠቀምኩት የሬዚን ዓይነት ነው) 105 ግራም ለካሁ። ኩባያና ብሩሽ ላይ ለሚቀረው 15 ግራም ጨመርኩ። በቃ፣ የተለካው ካለቀ አለቀ፣ ሌላ አይጨመርም። መጀመሪያ ላይ በፍጹም የማይበቃ ይመስላል፤ ግን ታግሣችሁ በአሮጌ የባንክ ካርድ ከመሃል ወደ ጠርዝ ስትገፉት ይሰርጋል። የጨርቁ ነጭነት ጠፍቶ ሞልዱ ከሥር ሲታያችሁ ጠግቧል ማለት ነው።

የጎንደር ማታ ብርድ እዚህ ላይ ይገባል። ኢፖክሲ ሲበርደው ይወፍራል፤ ሲወፍር አይሰርግም፤ ያልሰረገ ሲመስለው ሰው ይጨምራል። ክዳኑን በደንብ ገጥማችሁ ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ሃርድነር (ከኢፖክሲው ጋር የሚቀላቀለው ማድረቂያ) ማብዛት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ኢፖክሲ የተወሰነ ልኬት አለው፤ ከዚያ ከወጣችሁ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ብዙ በአንድ ጠባብ ኩባያ ከበጠበጣችሁም ራሱን በራሱ አግሎ ሊጨስ ይችላል፤ ለዚህ ነው በትንሽ በትንሹ የምበጠብጠው። ከነጠፍኩ በኋላ ሞልዱን ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስገብቼ አምፖል አበራበታለሁ። ጓንትና ማስክ ደግሞ የግድ ነው። ኢፖክሲ ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ከነካ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። እጃችሁን ከነካ በሳሙና እንጂ በቲነር አትታጠቡ፣ ቲነር ወደ ቆዳው ውስጥ ይዞት ይገባል።

ቀጥሎ ቫኪዩም፣ ማለትም አየሩን ስቦ ማውጣት። እርጥቡ ጨርቅ ላይ የናይለን ገበር አለበስኩ፣ አራዳ ጨርቅ ቤት ከሚሸጠው። ኢፖክሲ አይጣበቅበትም፣ ሲደርቅ ተገሽልጦ ይነሳል፤ ግን አንዳንዱ የተቀባ ነገር ስላለው በቁራጭ መጀመሪያ ሞክሩት። በላዩ ሶፍት ደረብኩ፤ የተረፈውን ሬዚን እሱ ይመጠዋል። ሁሉንም ላስቲክ ውስጥ አሽጌ ከተበላሸ ፍሪጅ በወጣ ኮምፕሬሰር አየሩን ሳብኩ። ከዚያ በኋላ የሚጫነው የጎንደር አየር ነው። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ቀለል ይላል፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.8 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጠረፍ ላይ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ያልፋል። ቢሆንም በግማሽ ቀፎ ስፋት ሲባዛ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ስሠራ በጣም ደነቀኝ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ጠፋ። ላስቲኩ ቀስ እያለ ሲነፋ ማየት ያማል። ቱቦውን አጥፌ በመቆንጠጫ አሰርኩት፤ እንደ ዕድል ጠርዙ በደንብ ታሽጎ ስለነበር የቀረው ያዘልኝ። አሁን ቱቦው ላይ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ገጥሜያለሁ። መብራት ይጠፋል ብላችሁ አስባችሁ ጀምሩ።

ሞልዱን በዝርዝር አልጽፍም። ዋንዛ ቀረጽኩ፣ በስቱኮ ሞላሁ፣ እስከ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ሞልዱን አውጥቼ ስድስት ጊዜ ሰም ቀባሁት። አንድ ነገር ብቻ፦ የኋላው የታች ጠርዝ እንደ ቢላ የተሳለ ይሁን። ጠርዙ ከተድበለበለ ውሃው ጥምዝ ብሎ ይከተለዋል፣ ጀልባውንም ወደ ኋላ ይስበዋል።

ቅዳሜ ጎርጎራ ወረድን፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማ ውስጥ ለምን አልሞከርክም ላላችሁኝ፣ የፋሲለደስ መዋኛ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ እዚያ ጀልባ አልለቅም። ጣና ዳር አንድ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ አባት ቀፎውን አይተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ከመስታወት ክር ነው፣ አባቴ።»

በሁለት ጣታቸው አነሱት። «አይ ቅለቱ! ታንኳም አዲስ ሲሆን እንዲህ ቀላል ነው። ውሃ ሲጠጣ ነው የሚከብደው። ለዚህ ነው አውጥተን የምናደርቀው።» አጠገባቸው ከነበረው ክምር አንድ የደንገል ዘንግ ሰብረው ሰጡኝ። ውጪው ቀጭንና ጠንካራ ቆዳ ነው፣ ውስጡ አየር የሞላው ስፖንጅ። እጄ ላይ እያገላበጥኩ ብዙ ቆየሁ።

ጀልባው ሄደ። ሄደ ስል፣ የጀልባውን የክብደት መሃል ከኋላ ጠርዝ 21 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርጌው ስለነበር አፍንጫው ወዲያው ተነሳ፣ ድሮ ውሃ እየገፋ ይሄድ የነበረው አሁን ከኋላው ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ እየተወ እንደ ወፍ ተወረወረ። ባትሪው ሲወጣ ለብ ያለ ብቻ ነበር። አንዴ ተገለበጠ፤ አፍንጫው ውስጥ ፎም ስለሞላሁ አልሰጠመም። ዳር ዳሩ እምቦጭ ስላለ ፕሮፔለሩ እንዳይጠመጠም ራቅ አድርጌ ነው የነዳሁት።

ግን ሙሉ ፍጥነት ላይ ከኋላ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ከውሃው አውጥቼ በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባኝ፤ ሆዱ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ቦታ ለሁለት ድርብ ጨርቅ ሰፍቶበታል፣ ውሃው ሲመታው ይርገበገባል። ሌላ ድርብ ብጨምር ይከብዳል። ደንገሉ ያሳየኝ መፍትሔ ነው፦ ለዚያ ቦታ አንድ ድርብ ከላይ፣ አንድ ከታች፣ መሃል ላይ 2 ሚሊ ሜትር ፎም። ወጥ የሆነ ነገር ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ መሃሉ ፎም ሲሆን ደግሞ አብዛኛው ጥቅም ያለ ክብደቱ ይገኛል። ፎሙን ዛሬ ጠዋት ቆርጬ መዘንኩት። 4 ግራም ነው።