የጣርማበሩ ድንጋይ

የጭነት መኪናዬን ከኋላ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ገመዱ ነው። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም እንዳይንሸራተት ከጎማ ስር የሚወተፉ ሁለት የእንጨት ታኮዎች አሉኝ። ሁለቱም በወፍራም የናይለን ገመድ ከስፖንዳው ስር ታስረዋል። ደብረ ብርሃን ጎሚስታ ቤት ስቆም ልጆቹ «ውሻ ነው እንዴ የምታስረው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ስቄ አልፋለሁ። ጎማ እስኪሞላ ድረስ የሚያልቅ ወሬ አይደለማ።

ያኔ ረዳት ነበርኩ። 2001 ዓ.ም.፣ መጋቢት፣ ጾም ላይ ነን። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነን ወደ ደብረ ብርሃን እንወጣለን። መኪናው የአንድ ነጋዴ አሮጌ አይሱዙ ነው። ሾፌሩን ጋሼ ነበር የምለው። በዚህ መስመር ያረጀ ሰው ነው። ብዙ አያወራም። ሲያወራም አብዛኛውን ጊዜ ለመኪናው ነው።

መንገዱን ለማያውቅ ልንገር። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፣ ከባህር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ። ጣርማበር አናቱ ላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። በመሃል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሮቢት ላይ በካናቴራ የተሳፈረ ሰው ዋሻው አፍ ሲደርስ ጋቢ ይለምናል። ዋሻውን ጣሊያን በወረራው ዘመን ነው ያስቆፈረው፤ እስከ ዛሬም ሙሶሎኒ የሚሉት አሉ። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። በልግ ላይ ደግሞ ይብሳል። አንዳንድ ቀን ጉሙ ከመኪናው አፍንጫ ይጀምራል።

ከደብረ ሲና ወጣ እንዳልን የሙቀት መርፌው ቀዩ ላይ ወጣ። ጋሼ መኪናውን ዳገቱ ላይ፣ ከአንድ ኩርባ አለፍ ብሎ አቆመውና «ውረድ! ድንጋይ!» አለኝ። የእጅ ፍሬናችን ስም ብቻ ነበር። ታኮ የሚባል ነገር አልነበረንም። ዘልዬ ወረድኩና ሁለት ድንጋይ ከኋላ ጎማዎቹ ስር ወተፍኩ። አንደኛው ትልቅ ነበር፤ ከተናደ የመንገድ ዳር ግንብ የወጣ መሰለኝ፣ ጎኑ ላይ ሲሚንቶ ተለጥፎበታል። ከዚያ ወደ ኋላ ሄድ ብዬ ሦስት ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ደረደርኩ። የባህር ዛፍ ቅርንጫፍም ጨመርኩበት። መኪና ሲበላሽ የሚደረገው ይሄው ነው፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ሁሉም ሲያደርግ አይቼ ነው የያዝኩት።

ጋሼ የራዲያተሩን ክዳን ለመክፈት አልቸኮለም። በትኩሱ የከፈተ ሰው ፊቱ ምን እንደሚሆን እኔም አይቻለሁ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። በጀሪካን ውሃ ቀድቼ መጣሁ። ሞላን። አንድ ሰዓት ሳይሞላን ለመነሳት ተዘጋጀን።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የጫነ መኪና ዳገት ላይ ሲነሳ ነፍሱ በፍሪሲዮን ላይ ናት። ጋሼ ነዳጁን ሰጥቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ሲለቅ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ያቃስታል፣ ከዚያ ስንዝር ስንዝር ይሄዳል። ከተነሳ በኋላ መልሶ ማቆም ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ነገረኝ፦ «ከተነሳሁ አልቆምም። ሮጠህ ዝለል።»

መኪናው ተነሳ። ድንጋዮቹ ባሉበት ቀሩ። የሲሚንቶውን ድንጋይ በእግሬ ገፋሁት፣ አልተነቃነቀም። ጎንበስ ብዬ ላነሳው ስል ጋሼ «ና እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሮጥኩ፣ የጋቢናውን በር ይዤ ዘለልኩ። በስፖኪዮው ሳይ ድንጋዩ መሃል መንገድ ላይ ተጎልቷል። የኋለኞቹ ሦስቱ ከነቅርንጫፋቸው ከኩርባው ጀርባ ናቸው፣ አይታዩም። ቅር አለኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ያሰብኩት ስለ ሽሮ ነበር።

ደብረ ብርሃን አራገፍን። ነጋዴው ሌላ ጭነት ጠዋት ሮቢት ይጠብቃችኋል አለ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ባዶውን ተመለስን።

ዋሻው ጋ ስንደርስ ጉሙ ወርዷል። ጋሼ ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁለቱን ከመያዙ በፊት ዳር ይዞ ቆመ። ይሄን ሁልጊዜ ያደርጋል። ወርዶ ጎማ ይመታል፣ መብራት ያያል፣ ከዚያ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ይንቀሳቀሳል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚላት ነገር አለችው። ያን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ልውረደው ያለ ሰው የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ፍሬኑ ተረግጦ ምንም አይመልስም። በማርሽ ከያዝከው ግን ሞተሩ ራሱ ይጎትተዋል፤ ፍሬኑ ለጭንቅ ቀን ይቀመጣል። ነዳጅ ቆጠብኩ ብለው በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገቡ፣ የሚወርዱ አሉ። እንዲያውም ሞተር የሚያጠፉም ገጥመውኛል። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑም አጋዥ አብሮ እንደሚጠፋ፣ ፔዳሉ ድንጋይ እንደሚሆን የሚያውቁት ሲረግጡት ነው። በሁለት ሊትር ናፍጣ እንዲህ ያለ ቁማር አይገባኝም።

ጋሼ ረጅሙን መብራት አጥፍቶ አጭሩን ተወ። ረጅም መብራት ጉም ላይ ስታበራ ነጭ ግድግዳ ይሠራብሃል፣ ተመልሶ ዐይንህ ውስጥ ይገባል። መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። «ጋሼ፣ ዝጋው» አልኩት። «ዐይን ካልሠራ ጆሮ ይሥራ» አለኝ። የሰው ሩጫ በሚያህል ፍጥነት እንወርዳለን። እኔ በሆዴ እያማረርኩ ነው፤ በዚህ አካሄዱ ሮቢት የምንደርሰው ሲነጋ ነው።

መጀመሪያ የሰማነው ጩኸት ነው። ቀጥሎ ነጭ ነገር ጉሙ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል አየን። አንድ ሰውዬ ጋቢውን እያውለበለበ ነው። ጋሼ ፍሬን ያዘ፣ መኪናው ወዲያው ቆመ። መብራታችን ያረፈው ሚኒባስ ላይ ነው። በእኛ መስመር ላይ ተጋድሞ ቆሟል። በእኛና በእሱ መሃል አምስት እርምጃ ቢኖር ነው።

በኋላ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። በሰዓት 60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። የሰው እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪዛወር አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ያን ማታ ደግሞ ከፊታችን የሚታየው ከ15 ሜትር አይበልጥም። በ60 ብንወርድ ኖሮ ጋሼ ፍሬኑን የሚረግጠው ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ነበር።

ሚኒባሱ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ነው። የፊት ቀኝ ጎማው ፈንድቷል፣ ቸርኬው ታጥፏል። ሾፌሩ እንደነገረን ኩርባው ላይ ሦስት ድንጋይ ድንገት ሲያይ እነሱን ዘለለ። አለፍኩ ሲል አንድ ትልቅ ድንጋይ ፊቱ ተገተረ። መታው፣ መሪው እምቢ አለው፣ መንገዱን አቋርጦ ግንቡን ተደግፎ ቆመ። ከግንቡ ወዲያ ምን እንዳለ ጉሙ አላሳየንም። እኔ ግን በቀን አይቼዋለሁ።

የሞተ የለም። ተሳፋሪዎቹ መንገድ ዳር ተኮልኩለው ይንቀጠቀጣሉ። አንዲት እናት ግንባሯ ተፈንክቷል፤ ነጠላዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛበታለች፣ በሌላ እጇ ሕፃን ታቅፋለች። ባትሪ አብራላት አሉኝ፣ አበራሁ። ደሙን ሲጠርጉላት እያየችኝ፣ «የማን አረመኔ ነው፣ የኔ ልጅ፣ መንገድ ላይ ድንጋይ ተክሎ የሚሄድ?» አለችኝ። ሾፌሩ ከወዲያ «እጁ ይቆረጥ!» አለ። ባትሪውን ከቀኝ ወደ ግራ እጄ አዛወርኩ። ለምን እንዳዛወርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጋሼ በመብራታችን ብርሃን ትንሽ ወረድ ብሎ ድንጋዩን አገኘው። ጎኑ ላይ ያለውን ሲሚንቶ በጫማው ነካ አደረገው። ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል አልተናገረም።

ሚኒባሱን ተጋግዘን ገፍተን ዳር አስያዝነው። እናትየዋን ከነልጇ ወደ ደብረ ሲና ልንወስዳት ተስማማን። እሷ ጋቢና ገባች። እኔም ልከተል ስል ጋሼ በሩን ዘጋው።

«አንተ ከኋላ ነህ» አለኝ። «ድንጋዮችህን ሰብስብና ውጣ።»

ሰበሰብኩ። አምስቱንም ስፖንዳው ላይ ጫንኩ፣ እኔም ወጣሁ። ባዶ መኪና ላይ ድንጋይ ምን እንደሚሆን የሞከረው ያውቀዋል። በየኩርባው ይንከባለላሉ፣ ስፖንዳውን ይደበድባሉ፣ እግሬን ይፈልጋሉ። አራቱን በእግሬ ጥግ አስያዝኳቸው። የሲሚንቶው ግን አልያዝ አለኝ። በመጨረሻ አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ እንደ ልጅ አቀፍኩት። በረዶ ነው። ጉሙ ፊቴ ላይ ውሃ ይሆናል። ከፊት ከጋቢናው የሕፃኑ ልቅሶ ይሰማኛል።

ደብረ ሲና እናትየዋን ሕክምና አደረስናት። «ጋሼ፣ አሁን ልግባ?» አልኩት። «ድንጋዮቹስ ማን ይይዛቸዋል?» አለኝ። እስከ ሮቢት እንደዚያው ሄድኩ።

ሲነጋ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነው የተናገረው። «ጥፋቱ የሁለታችን ነው። አንተ አላነሳህም፣ እኔ አልቆምኩም።» ሻዩን ጨረሰና አናጺ ቤት ሄደ። ሁለት ወፍራም ታኮ አስጠረበ፣ ጫፋቸውን አስበስቶ ገመድ አስገባ። መኪናው ሲነሳ ታኮው እየተጎተተ አብሮ ይመጣል፣ ረዳቱ ተራምዶ ያነሳዋል። እንዲህ ቀላል ነገር ነው። ያን ሁሉ ዓመት ለምን እንዳላሰበው ጠይቄው፣ «ማንም አልጠየቀኝማ» አለኝ።

ከኋላ የሚደረደረው ድንጋይ ሌላ ነው፣ ለእሱ ታኮ አይሆንም። ለእሱ የሚያንጸባርቀው ሦስት ማዕዘን አለ። በየመኪናው አለ! ግን የት ነው ያለው? ከመቀመጫ ስር፣ ከነላስቲኩ። ትራፊክ ሲጠይቅ የሚወጣ፣ ትራፊክ ሲሄድ የሚመለስ። እኔ ራሴ ሾፌር ሆኜ የመጀመሪያ ዓመት ላስቲኩን አልቀደድኩም ነበር። አሁን መኪና ሲቆምብኝ አራቱንም ፍሬቻ አበራለሁ፣ ረዳቴ ሦስት ማዕዘኑን ይዞ ይሄዳል። ኩርባ ካለ ከኩርባው በፊት ነው የሚያስቀምጠው። መኪናው አጠገብ የተቀመጠ ምልክት ከኩርባ ጀርባ ለሚመጣ ሰው ምኑም አይደለም፤ ሲያየው መኪናውንም አብሮ አየው። መቶ እርምጃ ቁጠር እለዋለሁ። «ሃምሳ አይበቃም?» ይለኛል ሁልጊዜ። ወጣት ነው፣ ብርድ ይፈራል።

የሌሎችን ድንጋይም እንለቅማለን። አመቺ ቦታ ካለ ዳር ይዤ እቆማለሁ፣ እሱ ይወርዳል፣ ከአስፋልት ያወጣል። ባለፈው አንድ ጉዞ ብቻ ከደብረ ሲና እስከ ዋሻው አራት ቦታ ቆምን። ረዳቴ አራተኛው ላይ በንዴት «የኛ ነው እንዴ?» አለኝ። ቆሎ ዘግኜ ሰጠሁት።

ጋሼ አሁን ጡረታ ላይ ነው። መንጃ ፍቃድ ካወጣሁ በኋላ አንድ ቀን በፀሐይ፣ ባዶ መኪና ይዤ፣ ያቺ ቦታ ላይ ዳር ይዤ ቆምኩ። ግንቡ ተጠግኗል። ድንጋዩን ከተውኩበት ተነስቼ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ፣ እየቆጠርኩ። ከቀጣዩ ኩርባ ወዲያ መንገዱ ትንሽ ይተኛል፣ ዳሩም ሰፊ ነው። ጋሼ እዚያ ቆሞ ሊጠብቀኝ ይችል ነበር። መቶ ሰማንያ ስድስት እርምጃ ነው።